የደከመ ባትሪ ሞተር ላይ የሚያመጣው ጣጣ፦ እራሳቹ ለክታቹ የምታውቁበት ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው ባትሪ የሚያስፈልገው ጠዋት ሞተር ለማስነሳት ብቻ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ አንዴ ከተነሳ ዲናሞው አለ፣ ባትሪው ደከመ በረታ ምን አገባኝ ይላል። የድሮ ካርቡሬተር ላዳ ለሚነዳ ሰው ይሄ አባባል ብዙም አያስቀጣም ነበር። አሁን ከተማውን የሞሉት ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ዲዛየር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ባትሪው ሲዳከም ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሰራ) ይንቀጠቀጣል፣ ኤሲ ሲከፈት ልጥፋ ልጥፋ ይላል፣ መሪው ድንገት ይከብዳል፣ ዳሽቦርድ ላይ ሶስት አራት መብራት ባንዴ ይበራል፣ ባለመኪናው ካንዴላ ያስቀይራል፣ የቤንዚን ፓምፕ ያስቀይራል፣ ብሩን ይጨርሳል፣ ችግሩ ግን እዛው ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ጥፋቱ የዲናሞ ወይም የላላ ማሳ (የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሞተሩና ከቦዲው የሚያገናኘው ገመድ) ሆኖ ሳለ "ባትሪህ አልቋል" ተብሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ባዶ ይሆንበትና ባትሪው ፎርጅድ ነው ብሎ ከሻጩ ጋር ይጣላል። የባትሪ ዋጋ አሁን የት እንደደረሰ ታውቃላቹ፣ ሳይለካ የሚገዛ ባትሪ በጣም ነው የሚያናድደኝ። የሚያስፈልጋቹ አንድ ርካሽ ዲጂታል ቴስተር (ቮልት መለኪያ) እና ሶስት ልኬት ነው፦ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ሲነሳ፣ እና ከተነሳ በኋላ። እነዚን ሶስት ቁጥሮች ይዛቹ ጋራዥ ብትሄዱ ማንም ዝም ብሎ እቃ አያስቀይራችሁም።

ባትሪው ሞተሩን በምን በኩል ነው የሚነካው

የተለመደው የመኪና ባትሪ ውስጡ 6 ሴል አለው፣ እያንዳንዱ ሙሉ ሲሆን 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 ይመጣሉ። ሞተሩ ሲሰራ ዲናሞው 14 ቮልት አካባቢ እያመነጨ መኪናውንም ይመግባል ባትሪውንም ይሞላል። ታድያ በዚ ሰአት ባትሪው ስራ ፈቷል ማለት ነው? አይደለም። ሚኒሞ ላይ ዲናሞው በዝግታ ስለሚዞር ሊሰጥ የሚችለው አምፒር ትንሽ ነው፣ በዛ ላይ የራዲያተር ፋን ሲነሳ፣ ኤሲ ሲገባ፣ ቆማቹ መሪ ስታዞሩ ፍጆታው በቅጽበት ይዘላል፣ ያቺን ክፍተት የሚሸፍነው ባትሪው ነው። ቤቱ ሮቶ ያለው ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፣ የመስመሩ ውሃ ሲቀጥን ከሮቶው ይወርዳል፣ ሮቶው ባዶ ከሆነ ግን ሻወር ላይ እያላቹ ማድቤት ቧንቧ ሲከፈት ውሃው ቀጥ ይላል።

ቮልቱ ሲወርድ ሞተሩ ጋር የሚሆነው ይሄ ነው፦ የቤንዚን ፓምፑ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቤንዚን የሚረጩት ኖዝሎች ለመከፈት ይዘገያሉ፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቦቢና በቂ ጉልበት ሳያጠራቅም ስለሚተኩስ የካንዴላው እሳት ይደክማል። ኮምፒውተሩ ቮልቱን እያየ ኖዝሉን ረዘም ላለ ጊዜ በመክፈት ያካክሳል፣ ስለዚ ትንሽ መውረድ አይሰማችሁም፣ ከተወሰነ በታች ሲሆን ግን ማካካሱም አያዋጣም፣ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የኤቢኤስ (የፍሬን) እና የመሪ ኮምፒውተሮችም ቮልት አነሰን ብለው መብራታቸውን ያበራሉ። ስካነር፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን እቃ፣ ስትሰኩ ፒ0562 የሚል ኮድ ከወጣ ትርጉሙ በቀጥታ የመኪናው ቮልት ዝቅ ብሏል ነው፣ ሌሎቹን ኮዶች ከማሳደዳቹ በፊት እሱን ጨርሱ፣ ብዙ ጊዜ ሌሎቹ ከሱ የተወለዱ ናቸው።

ሰው በጣም የሚሳሳትበት ቦታ ደሞ አለ። ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው) እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ሲል "ባትሪውማ ደህና ነው፣ ይዞራል እኮ" ይባላል። ሞተሪኖ ለትንሽ ቤንዚን መኪና እንኳ 150፣ 200 አምፒር ሊስብ ይችላል፣ የደከመ ባትሪ ያንን ሲሰጥ ቮልቱ 8 ምናምን ውስጥ ይገባል፣ በዛ ቮልት ሞተሪኖው እያቃሰተ ሊዞር ይችላል ግን ለኮምፒውተሩና ለቦቢናው የሚተርፋቸው የለም። አንዱ ምልክት ቁልፉን ለቀቅ ስታደርጉት፣ ሞተሪኖው ሊቆም ሲል፣ ሞተሩ ቦግ ሊል መሞከሩ ነው፣ ምክንያቱም ሞተሪኖው ሲለቅ ቮልቱ ተመልሶ ይወጣና እሳት ይመጣል። ይሄን ካያቹ ፓምፕ ከማስፈታታቹ በፊት ባትሪውን ለኩ።

የድሮ ናፍታ፣ በሜካኒካል ፓምፕ የሚሰራው፣ አንዴ ከተነሳ ለመሄድ ኤሌትሪክ ብዙም አይፈልግም፣ እሱን ባትሪው የሚጎዳው ማስነሳት ላይ ነው፣ በተለይ ጠዋት ማሞቂያ ካንዴላዎቹ በደንብ ሳይግሉ ሲቀሩ ነጭ ጭስ እያወጣ ለመነሳት ይቸገራል። አዲሶቹ በኮምፒውተር የሚሰሩ ናፍጣዎች ግን ከቤንዚኑ አይለዩም።

ከመጀመራቹ በፊት

ቴስተር፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ ወይም የብርጭቆ ወረቀት፣ ጓንት፣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቫዝሊን፣ እና ቁልፍ የሚያዞርላቹ አንድ ሰው። ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፣ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ በላይተር እያበሩ ወደ ውስጥ ማየት የሚባል ነገር አይሞከርም፣ በዚ አይኑን ያጣ ሰው አለ። ቀለበትና የብረት ሰአት አውልቁ። አሲድ ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ፣ አይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ በንጹህ ውሃ እያጠባቹ ከዛ ቀጥታ ሃኪም ቤት።

ደረጃ 1፦ በአይን ማየት

ኮፈኑን ክፈቱና ምንም ሳትነኩ እዩት። ጎኑ አብጧል? ስንጥቅ አለ? የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ አለ? ከነዚ አንዱ ካለ ልኬትም አያስፈልገው፣ ቻርጅም አታድርጉት፣ በኬብልም አታስነሱበት፣ መቀየር ነው ያለበት። ማበጥና ሽታ ብዙ ጊዜ ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላው እንደሆነ ስለሚናገር ደረጃ 4ን ሳትሰሩ አዲስ ባትሪ አትጫኑ።

ተርሚናሎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ መጽዳት አለበት። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን፣ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጣቹ አፍስሱበት፣ ይፈላል፣ መፍላቱ ሲያቆም በውሃ አጥባቹ አድርቁ፣ የውስጡን ፊት እስኪያብለጨልጭ በብሩሽ ፈትጉ፣ መልሳቹ አጥብቃቹ እሰሩና ከላይ ቫዝሊን ቀቡት። የሶዳው ውሃ ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ መዘጋታቸውን እዩ። በእጅ ሲወዛወዝ የሚንቀሳቀስ ተርሚናል ካለ ደሞ በሽታው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ወፍራም ሽቦ ወይም ሚስማር ሸጉጦ ማጥበቅ ግን መፍትሄ አይደለም፣ ተርሚናሉን ቀይሩት፣ ዋጋው ከባትሪ ጋር አይወዳደርም። ባትሪው እራሱም በማሰሪያው የጠበቀ መሆን አለበት፣ በኛ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላይ ልቅ ባትሪ ውስጡ ያሉት ፕሌቶች ይረግፋሉ።

የውሃ ባትሪ ከሆነ ክዳኖቹን ከፍታቹ ውሃው ፕሌቶቹን መሸፈኑን እዩ። ጎድሎ ከሆነ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው፣ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ የታሸገ የምንጠጣው ውሃም አይሆንም ምክንያቱም ማዕድን አለው፣ አሲድም አይጨመርም ምክንያቱም የተነነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም። ፕሌቱ ከወጣ እስኪሸፈን ብቻ ጨምሩና ቻርጅ አድርጋቹ ከዛ ወደ ልኩ አድርሱት፣ ባዶ ባትሪን መጀመሪያ ጢም አድርጋቹ ከሞላቹት ቻርጅ ሲሆን አሲዱ ገንፍሎ ይፈሳል።

ደረጃ 2፦ ቆሞ መለካት

በጣም ጥሩው ሰአት ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነው። ማታ ከተነዳ በኋላ ወዲያው ከለካቹ ላዩ ላይ የቀረ ቻርጅ ስላለ ያታልላችኋል፣ ግድ ከሆነ የፊት መብራቱን አንድ ደቂቃ አብርታቹ አጥፉና ትንሽ ቆይታቹ ለኩ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ፣ ቀዩን በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቭ፣ በገመዱ ተርሚናል ላይ ሳይሆን በራሱ በባትሪው እርሳስ (ተርሚናሉ የሚታሰርበት ጉብታ) ላይ።

12.6 ወይም 12.7 ሙሉ ነው። 12.4 ሶስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ብቻ ቀርቶታል፣ 11.8 ባዶ በሉት። 12 ቮልት አለው እኮ ምን ሆነ የሚል ሰው ያጋጥማችኋል፣ 12.0 ማለት ግን ሊያልቅ ነው ማለት ነው፣ የባትሪው ሙሉና ባዶ መሃል ያለው ርቀት ከ1 ቮልት አይበልጥም፣ ለዛ ነው ዲጂታል ቴስተር የሚያስፈልገው። 10.5 አካባቢ ካያቹና ቻርጅ አድርጋቹትም አልወጣም ካለ ከስድስቱ አንድ ሴል ሞቷል፣ እሱ አይድንም። አንድ ሴሉ የሞተ ባትሪ ይዞ መንዳት ደሞ ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል፣ መቼም የማይሞላ ነገር ለመሙላት ሲታገል ይውላል።

ልብ በሉ፣ እዚ ጋር 12.6 ማየት ባትሪው ጤነኛ ነው አያስብልም። ያረጀ ባትሪ ቮልቱ ሙሉ ሆኖ አቅሙ ግን ትንሽ ብቻ ቀርቶት ሊሆን ይችላል። የሚያጋልጠው ቀጣዩ ደረጃ ነው።

የውሃ ባትሪ ያላቹ ሃይድሮሜትር፣ ያቺ አሲዱን ምጥጥ አድርጋ የምትለካዋን፣ ካገኛቹ ከቮልቱ የበለጠ ትናገራለች። ሙሉ ሴል 1.265 እስከ 1.280 ያሳያል። ዋናው ግን ልዩነቱ ነው፣ አምስቱ 1.25 ብለው አንዱ 1.18 ካለ እሱ ሴል ነው በሽተኛው።

ደረጃ 3፦ ሲነሳ መለካት

ቴስተሩን እንደያዛቹ ሌላው ሰው ሞተሩን ያስነሳ፣ እናንተ ቁጥሩ እስከ ስንት እንደሚወርድ እዩ። ቴስተራቹ ዝቅተኛውን የሚይዝ ሚን የሚል በተን ካለው ተጠቀሙበት፣ ከሌለው በስልክ ቪዲዮ ቀርጻቹ ቀስ አድርጋቹ እዩት፣ በጣም ነው የሚረዳው።

ጤነኛ ባትሪ ሞተሪኖው እየዞረ ከ10 ቮልት በላይ ይቆያል። መስመሩ 9.6 ነው፣ ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባትሪ በአዲስ አበባ አየር ላይ ከሱ በታች ከወረደ ደክሟል። "ሙሉ ቻርጅ የሆነ" የምትለዋን አትዝለሏት፣ 12.1 ላይ ያለ ባትሪ 9 ቢገባ መጀመሪያ ቻርጅ አድርጋቹ ድገሙት እንጂ አትፍረዱበት። ቮልቱ ከ11 በላይ ሆኖ ሞተሪኖው ግን ቀስ ብሎ የሚዞር ወይም ጠቅ ብቻ የሚል ከሆነ ባትሪው ነጻ ነው፣ ኤሌትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ወይም ሞተሪኖው እራሱ ነው፣ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

ህዳርና ታህሳስ ላይ ጠዋት ጠዋት መኪና መግፋት የሚበዛው በዚ ምክንያት ነው፣ ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩ ይከብዳል፣ ባትሪው ደሞ ሲበርደው ጉልበቱ ይቀንሳል። ባትሪውን የሚያስረጀው ግን ብርዱ አይደለም፣ ሙቀት ነው። ሰመራ፣ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ የሚሰራ መኪና ባትሪው አዲስ አበባ ካለው ቶሎ ያልቃል፣ ዱባይና ሪያድ ያላቹም ታውቁታላቹ። ሚኒሶታ ላላቹ ደሞ ባትሪው ላይ የተጻፈው ሲሲኤ የሚለው ቁጥር በዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚለካ የማስነሳት አቅም ነው፣ እዛ ዋናው የምታዩት እሱን ነው፣ ደሞ ባዶ የሆነ ባትሪ በረዶ ሊሆን ስለሚችል በረዶ የሆነውን ቻርጅ እንዳታደርጉ ይፈነዳል።

ደረጃ 4፦ ተነስቶ መለካት

ሞተሩን አስነሱ፣ ምንም ሳይበራ ለኩ። 13.8 እስከ 14.7 ከሆነ ዲናሞው እየሰራ ነው። ቀጥሎ የፊት መብራት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ፣ ኤሲ፣ ፋን ሁሉንም ክፈቱና ነዳጅ ትንሽ ሰጥታቹ 1500 እስከ 2000 ዙር ላይ ያዙት፣ ከ13.5 በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ እየሰራ 12.4፣ 12.2 እያለ የሚወርድ ከሆነ ዲናሞው ምንም አይሰጥም፣ ሞተሩ የሚሄደው ባትሪውን እየበላ ነው፣ ጥቂት መንገድ ሄዶ ይቆማል። መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ እዩ፣ ልል ወይም ዘይት የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል፣ ሞተር ሲነሳ የሚጮኸው እሱ ነው። ከ15 ቮልት በላይ ካያቹ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፣ ባትሪውን ያፈላዋል፣ አምፖል ያቃጥላል፣ ኮምፒውተርም ሊወስድ ይችላል፣ ሳይሰራ አትንዱት። አንዳንድ አዳዲስ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብሎ ቻርጁን ዝቅ ስለሚያደርግ ለትንሽ ጊዜ 13 እና ከዛ በታች ማየት ብልሽት ላይሆን ይችላል፣ መብራት አብርታቹ ድገሙት።

አሁን ቴስተሩን ኤሲ ቮልት (የተለዋዋጭ ኤሌትሪክ መለኪያው፣ ከማቀዝቀዣው ኤሲ ጋር አይገናኝም) ላይ አድርጉና እዛው ቦታ ለኩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ዲናሞው ውስጥ ያለ ዳዮድ ተቃጥሏል። ይሄ ብዙ ጋራዥ የማይለካው ነገር ነው፣ ግን መብራት ብልጭ ብልጭ የሚል፣ ሚኒሞ ያለምክንያት የሚወዛወዝ፣ ሌሊት ባትሪ የሚያልቅበት መኪና ላይ ስንት ጊዜ መልሱ እዚ ጋር ነው።

አንድ ነገር በጣም ልለምናቹ። ዲናሞ ይሰራል አይሰራም ለማየት ሞተሩ እየሰራ የባትሪ ተርሚናል መንቀል የሚባለውን ልማድ እባካቹ ተዉት፣ መካኒኩም ሊያደርገው ሲል ከልክሉት። ባትሪው ዲናሞው የሚያመጣውን የቮልት ዝላይ ውጦ የሚያረጋጋ እቃ ነው፣ ድንገት ስትነቅሉት ቮልቱ ለቅጽበት ብዙ አስር ቮልት ይዘላል፣ የሚያርፈው ኮምፒውተሩ ላይ፣ የዲናሞው ዳዮዶች ላይ፣ ቴፑ ላይ ነው። ድሮ ኮምፒውተር በሌለው መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ያልፍ ነበር፣ አሁን አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ልኬት እያለ መኪናን እንደዛ መፈተን አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ካቮ (ወፍራሙ የባትሪ ገመድ) እና ማሳ

ቴስተሩ ዲሲ ላይ ይሁን፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ንጹህ ቦታ ላይ አድርጉ፣ ሰው ሞተሩን ያስነሳ። በሚዞርበት ሰአት 0.2 ቮልት ወይም ከዛ በታች ጥሩ ነው፣ 0.5 እና ከዛ በላይ ካያቹ የማሳ ገመዱ ዝጓል ወይም ላልቷል። በፖዘቲቭ በኩልም ከባትሪው እርሳስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ በተመሳሳይ ለኩ፣ እዛ ላይ ከ0.5 ማለፍ የለበትም። ሞተር ወርዶ የተጫነ መኪና ላይ የማሳ ገመድ ሳይታሰር የሚረሳበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ኤሌትሪኩ መመለሻ ፍለጋ በነዳጅ ፔዳል ገመድ፣ በማርሽ ገመድ ሁሉ ይሄዳል፣ ሚኒሞውም ይረበሻል፣ ባትሪ ብትቀይሩ ምንም አይለወጥም።

ደረጃ 6፦ ሌሊት የሚበላው ምንድነው

ሶስቱ ልኬቶች ደህና ሆነው ጠዋት ጠዋት ግን ባዶ ከሆነ የሚሰርቅ ነገር አለ። ሁሉንም አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ፣ በር ዝጉ፣ ኔጋቲቩን ፍቱና ቴስተሩን 10 አምፒር ቀዳዳ ላይ ሰክታቹ በተፈታው ገመድና በባትሪው ኔጋቲቭ መሃል አስገቡት። ቴስተሩ እዛ እያለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፣ በር ከፍታቹም መብራት አታብሩ። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰአት አካባቢ ጠብቁ። ከ50 ሚሊ አምፒር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው።

ሂሳቡን እዩት፦ 50 ሚሊ አምፒር በቀን 1.2 አምፒር ሰአት ነው፣ 45 አምፒር ሰአት ያለውን ባትሪ ለማጋመስ 19 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። 300 ሚሊ ከሆነ ግን በ3 ቀን ይጋመሳል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላቹ ቴስተሩ የሚወርድበትን ፈልጉ። እኛ ሃገር መጀመሪያ የምጠረጥረው በኋላ የተገጠሙትን ነው፣ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ትልቅ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር፣ ብዙዎቹ ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ ይጠለፋሉ። ስትጨርሱ ቀዩን ሽቦ ከአምፒር ቀዳዳው አውጥታቹ ወደ ቮልት መልሱት፣ እዛው ትታቹ ባትሪ ብትለኩ ቀጥታ ሾርት ነው፣ የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል፣ ፊውዝ ከሌለው ሽቦው እጃቹ ላይ ይነዳል።

ነዳጅ ሰልፍ ላይ ባትሪ ያለቀባቹም መልሱ እዚው ነው። አንድ ጊዜ ማስነሳት 200 አምፒር ቢስብም ለ2 ሰከንድ ስለሆነ የሚበላው 0.1 አምፒር ሰአት ገደማ ብቻ ነው፣ ያን ለመመለስ ግን ሞተሩ ግማሽ ደቂቃና ከዛ በላይ መስራት አለበት፣ እናንተ አስነስታቹ ሶስት ሜትር ሄዳቹ ታጠፋላቹ፣ ስለዚ በየመነሳቱ ይጎድላል። በዛ ላይ የፊት መብራት ከበራ ሁለቱ አምፖሎች ብቻ በሰአት 9 አምፒር ሰአት አካባቢ ይወስዳሉ። ሰልፉ ረጅም ከሆነ መብራቱን፣ ፋኑንና ቴፑን አጥፉ፣ ቁልፉንም ኦን ላይ አትተዉት።

ባዶ ሲሆን እንዴት ይሞላል፣ እንዴት ይነሳል

ቻርጀር ካለ የአቅሙን አስር በመቶ በሚያህል አምፒር ሙሉት፣ 45 ለሆነው 4 ወይም 5 አምፒር፣ አየር ባለበት ቦታ፣ ሌሊቱን ያድር። በትልቅ አምፒር በአንድ ሰአት እሞላልሃለሁ የሚለውን አልወደውም፣ ባትሪው ይግላል፣ ፕሌቱ ይጎዳል። በአጭር መንገድ እየነዳሁ ይሞላል ብላቹም አትጠብቁ፣ ከቦሌ መገናኛ መብራት ላይ እየቆሙ መሄድ ባዶ ባትሪ አይሞላም፣ ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር ደሞ ፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ እሱ ከጠነከረ አይመለስም።

በሌላ መኪና ስታስነሱ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ቀይ በሞተው ፖዘቲቭ፣ የቀዩ ሌላ ጫፍ በደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁር በደህናው ኔጋቲቭ፣ የመጨረሻው ጥቁር ጫፍ በሞተው መኪና ሞተር ብረት ላይ ከባትሪው ራቅ አድርጋቹ፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ የሚወጣው ብልጭታ ጋዙ አጠገብ እንዳይሆን ነው። ደህናውን አስነስታቹ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዛ የሞተውን ሞክሩ፣ ሲነሳ በመጣቹበት ተቃራኒ ፍቱ። ከጭነት መኪና ለመዋስ ከፈለጋቹ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ ያላቸው 24 ቮልት ናቸው፣ ያን በትንሽ መኪና ላይ መሰካት ኮምፒውተሩን መግደል ነው።

መግፋት ለማንዋል ብቻ ነው፣ አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም። ማንዋልም ቢሆን ዘመናዊ ከሆነ ባትሪው ጭራሽ ባዶ ሲሆን ብትገፉት አይነሳም፣ ኮምፒውተሩና ፓምፑ ትንሽ ኤሌትሪክ ይፈልጋሉ፣ ዲናሞውም ማመንጨት ለመጀመር ከባትሪው መነሻ ያስፈልገዋል።

መቀየር ግድ ሲሆን

መጀመሪያ የድሮው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሱ። ለምሳሌ 46ቢ24ኤል የሚል ከሆነ 24ቱ ርዝመቱ በሳንቲ ሜትር ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ኤል ወይም አር ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ እሱን ከሳታቹ ገመዱ አይደርስም ወይም ተወጥሮ ይታሰራል። ሞተሩ የትራፊክ መብራት ላይ እራሱ ጠፍቶ የሚነሳ መኪና ካላቹ ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ የሚል ባትሪ ነው ያለው፣ በተራ ባትሪ አትተኩት፣ እድሜ የለውም።

ሶማሌ ተራም ግዙ ሌላ ቦታ ቴስተራቹን ይዛቹ ሂዱ። ከመክፈላቹ በፊት ለኩት፣ ከ12.4 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል፣ አትውሰዱት። የተመረተበትን ቀን አስነብቡ፣ ከስድስት ወር ያለፈው ከሆነ ሌላ ጠይቁ። ደረቅ የሚባለው ባትሪም ውስጡ አሲድ አለው፣ ውሃ የማይጨመርበት ስለሆነ ብቻ ነው ደረቅ የሚባለው፣ በጎኑ ማስተኛት ይቻላል ወይ ለሚል ሰው መልሱ አታስተኙት ነው።

ስትፈቱ ኔጋቲቭ ይቀድማል፣ ስታስሩ ፖዘቲቭ ይቀድማል። ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲ ቢነካ ኔጋቲቩ ከተፈታ ምንም አይሆንም፣ ካልተፈታ ግን ቁልፉን የሚያቀልጥ ብልጭታ ነው። ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ያላቹ ሁለቱንም ባንድ ላይ ቀይሩ፣ አዲስና አሮጌ አንድ ላይ ሲታሰሩ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።

አዲስ ባትሪ ከገባ በኋላ ሚኒሞ ሲረበሽ

ይሄን ስንቱ ሰው "ባትሪ ቀይሬ መኪናዬ ተበላሸ" ብሎ ነው የሚጨነቅበት። ትሮትሉ ላይ (ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር) በጊዜ ብዛት ካርቦን ይጋገራል፣ ኮምፒውተሩም ቀስ በቀስ ትሮትሉን ትንሽ እየከፈተ ያንን ያካክሳል፣ ባትሪው ሲፈታ ያ ሁሉ የተማረው ይጠፋና እንደ ንጹህ ትሮትል ቆጥሮ ይጀምራል፣ ስለዚ ሚኒሞው ይወርዳል፣ ሞተሩ ሊጠፋም ይችላል። ሁሉን አጥፍታቹ አስነሱት፣ ነዳጅ ሳትነኩ የራዲያተር ፋኑ አንዴ በርቶ እስኪጠፋ 10፣ 15 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ተዉት፣ ከዛ ኤሲ ከፍታቹ 5 ደቂቃ ጨምሩ፣ ከዛ ረጋ ብላቹ ንዱት። ብዙው በዚ ይስተካከላል። ካልሆነ ትሮትሉን በራሱ ማጽጃ ስፕሬይ አስጸዱ፣ አንዳንዱ መኪና፣ ኒሳን በተለይ፣ በስካነር ሚኒሞውን ማስተማር ይፈልጋል።

ኤሌትሪክ መኪና የገዛቹም ከዚ ነጻ አይደላቹም፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ 12 ቮልት ከሞተች መኪናው በሩንም ላይከፍት ይችላል፣ ደረጃ 1፣ 2 እና 6 ለናንተም ይሰራሉ።

አዲሱን ስትጭኑ ሶስቱን ልኬቶች ወዲያው ውሰዱና ከቀኑ ጋር በፕላስተር ባትሪው ላይ ለጥፉት፣ ከዛ በየስድስት ወሩ፣ አንዱን ክረምት ሲወጣ አድርጉት፣ ድገሙና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት፣ የማስነሻው ቁጥር በየጊዜው እየወረደ ከመጣ መንገድ ላይ ሳይጥላቹ ታውቃላቹ። አሮጌውን አሲዱን ግቢ ውስጥ ደፍታቹ አትሽጡት፣ ውስጡ እርሳስ ነው፣ አፈርና ውሃ ይበክላል፣ ለህጻናት በጣም አደገኛ ነው፣ እንደተዘጋ ለሻጩ መልሱት፣ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ይቀንሱላችኋል።